ስሙ የሚጻፍበት ፊት

አንድ ሲዲ ሁለት ፊት አለው። ሰው የሚሳሳው ለሚያብረቀርቀው ነው። ጣት እንዳያርፍበት በጠርዙና በመሐል ቀዳዳው ይይዘዋል፤ አቧራ ካየበት በሸሚዙ ጫፍ ያብሰዋል። ሌላውን ፊት ግን እንደ ሰሌዳ ቆጥሮ ጠረጴዛ ላይ ያጋድመውና እጁ ላይ በተገኘው ብዕር፣ እስክሪብቶም ይሁን ወፍራም ማርከር፣ ተጭኖ «ጥምቀት፣ አንኮበር» ብሎ ይጽፍበታል። የዲስኩን አሠራር ለሚያውቅ ይህ ጥንቃቄ የተገለበጠ ነው። የሲዲ ውፍረት 1.2 ሚሊሜትር ያህል ነው፤ ከዚህም አብዛኛው ብርሃን የሚያልፍበት ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ድምፁ የተቀረጸበት ንብርብርና ብርሃኑን የሚመልሰው ስስ ብረት ያሉት በላይ፣ ስም በሚጻፍበት ፊት በኩል ነው። እነሱን ከብዕሩ ጫፍ የሚለያቸው ከሚሊሜትር መቶኛ እጅ ብዙም የማይዘል የቫርኒሽ ልባስ ብቻ ነው። ከታች የተጫረ ዲስክ ብዙ ጊዜ ተወልውሎ ይድናል። ከላይ የተጫረው ግን ብረቱ ተልጦ ስለሚሄድ ከዚያ በኋላ የሚወለወል ነገር የለውም። እንግዲህ ማርከር መምረጥ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ቀለም ለብቻው ዘላቂ ወይም አላፊ ሊባል አይችልም፤ እንዲያ የሚባለው ካረፈበት ገላ ጋር አብሮ ሲታይ ነው ብዬ እከራከራለሁ። ለዚህ ክርክር ማስረጃ ፍለጋ ከአንኮበር ርቆ መሄድ አያስፈልግም፤ እዚያ ተራራ ላይና ከሥሩ ባሉት መንደሮች ብዕርና ገላ በየዘመኑ ሲገናኙና ሲጣሉ ኖረዋል።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ተቆርጦ ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ጠርዝ ላይ ተቀምጣለች። ከፍታዋ ከ2,400 ሜትር ይበልጣል፤ ጉሙ ከሸለቆው ሽቅብ በተነሳ ቁጥር ቤቱም ልብሱም መጽሐፉም እርጥበት ይጠጣል። ከ18ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ፣ ከመርዕድ አዝማች አምኃ ኢየሱስ ጀምሮ የሸዋ ገዥዎች መናገሻ ነበረች፤ የገነነችው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1813 እስከ 1847 በገዙት በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ነው። ምኒልክም እ.ኤ.አ. በ1865 ከመቅደላ አምልጠው ወደ አባታቸው አገር ከተመለሱ በኋላ፣ እንጦጦና አዲስ አበባ እስኪተኳት ድረስ፣ ከዋና ዋና መቀመጫዎቻቸው አንዷ እሷ ነበረች። መናገሻ ባለበት ደግሞ ጽሕፈት አለ። የቤተ መንግሥቱ ሰው ደብዳቤ ያወጣል፤ መድኃኔ ዓለምን፣ ኪዳነ ምሕረትንና ሚካኤልን የመሳሰሉት ደብሮች ዳዊቱን፣ ወንጌሉን፣ ተአምረ ማርያሙን ያስጽፋሉ። በሸዋም ሆነ በሌላው የአገሪቱ ደጋ፣ ርስትና ጉልት፣ ስጦታና ኑዛዜ የሚመዘገበው በወንጌሉ ኅዳግ ወይም በባዶው ቅጠል ላይ ስለነበር መጽሐፍ ማለት ጸሎት ብቻ አልነበረም፤ የፍርድ ቤት መዝገብም ነበር። ከነገሥታቱ ግቢ ዛሬ የሚታየው ፍርስራሽ ነው። ብራናው ከግንቡ በላይ ዕድሜ የሚያገኝበት ምክንያት ግን በአሠራሩ ውስጥ አለ።

የብራና ጸሐፊ ቀለሙን ከሱቅ አይገዛም። ከድስትና ከምጣድ ቂጥ ጥላሸት ይፍቃል፤ እስኪጠቁር የተቆላ እህል ይጨምርበታል፤ በግራር ሙጫ ያያይዘዋል፤ ውሃ እያከለና እያማሰለ ለሳምንታት፣ አንዳንዱም ለወራት ያቆየዋል። ብዕሩ ከመቃ ተቀርጾ ጫፉ የተሰነጠቀ ነው። ቀለሙ የሚቀመጠው መሬት ላይ በተተከለ የከብት ቀንድ ነው፤ አንዱ ቀንድ ለጥቁሩ፣ ሌላው ለቅዱሳን ስምና ለምዕራፍ መጀመሪያ ለሚውለው ቀይ። ገላውም የሚወጣው ከዚያው ደጅ ነው፦ የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ይነከራል፣ በእንጨት ይወጠራል፣ ሥጋውና ጠጉሩ ይፋቃል፣ በሻካራ ድንጋይ ይታሻል። መስመር ሲያሰምር ደግሞ ጸሐፊው ቀለም የሚባል አይነካም። በወስፌ ጫፍ ዳርና ዳሩን ይወጋና ከነጥብ እስከ ነጥብ በደነዘ ብረት ተጭኖ ጎድጎድ ያለ መስመር ይስባል፤ ገጹን ወደ ብርሃን አዘንብሎ ለሚያይ ሰው ያ መስመር ከመቶ ዓመት በኋላም ይታያል። ብራና ግፊትን ይችላል፤ ወስፌ የወጋው ገጽ ጽሑፉን አያጣም። ይህን ልብ ይሏል፤ ሲዲ የማይችለው ይህንኑ ነውና። እዚያ ዓለም ውስጥ «የትኛው ብዕር ይሻላል?» የሚል ጥያቄ ለብቻው አይነሳም ነበር። ቆዳውን የፋቀው እጅ ቀለሙንም ያማሰለው ራሱ፣ አለዚያም የጎረቤቱ እጅ ስለሆነ፣ አንዱ ለሌላው እንዲስማማ ሆኖ ይወለዳል። ጥላሸት ካርቦን ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ ቆዳውንም አይበላም። በአውሮፓ ለብዙ መቶ ዓመታት የተሠራበት፣ ከባሉጥ ዛፍ እብጠትና ከብረት ጨው የሚወጣው ቀለም ግን አሲድ ስላለው ብዙ ወረቀት በልቷል፤ የፊደሉን ቅርጽ ይዞ የተቦደሰ ገጽ በየቤተ መዛግብቱ ሞልቷል። ፊደሉ ራሱ የገላው ጠላት ሆነ ማለት ነው።

የመጽሐፉ ስምስ የት ይጻፋል? ዛሬ እንደለመድነው በጀርባው አጥንት ላይ አይደለም። የተደጎሰው ቆዳ ከላይ ቢያጌጥም ምን መጽሐፍ እንደሆነ አይናገርም፤ በላዩም ማኅደር ይለብስና በዕቃ ቤቱ ግድግዳ በየችንካሩ ይንጠለጠላል። ማኅደሮቹ ተሰልፈው ሲታዩ አንዱ ካንዱ አይለይም፤ ዕቃ ቤት ጠባቂው በልማድ ካላወቀው በቀር አውጥቶ መግለጥ ግድ ነው። ሲገልጠው ከመጀመሪያው ወይም ከመጨረሻው ባዶ ቅጠል ላይ ይህ መጽሐፍ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳጻፈው፣ ለየትኛው ታቦት እንደተሰጠ ያገኛል፤ ከሥሩም የሰረቀውና የፋቀው በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን እንዲወገዝ የሚያዝ ቃል አለ። የሰረቀውን ማውገዝ የሚጠበቅ ነው። «የፋቀውን» መጨመር ግን ጸሐፊው ስለራሱ ቀለም የሰጠው የምስክርነት ቃል ነው። ሙጫና ጥላሸት በብራና ላይ ይተኛሉ እንጂ ብዙ አይሰርጉም፤ ስለት ቢላ የያዘ ሰው የባለቤቱን ስም ፍቆ የራሱን ሊያሰፍር ይችላል። በኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ የተፋቀ ስምና በተፋቀው ቦታ የገባ ሌላ ስም ማየት ለአጥኚዎች የዘወትር ነገር ነው። ስለዚህ ውግዘቱ ማርከሩ ላይ «ፐርማነንት» ተብሎ እንደሚታተመው ቃል ነው ልንል እንችላለን፤ ልዩነቱ ውግዘቱ ፋቂውን ማስፈራራቱ፣ «ፐርማነንት» ግን ገዥውን ማባበሉ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተከራካሪ ሊነሳ ይችላል። ቀለሙ ይህን ያህል በቀላሉ የሚፋቅ ከሆነ ዘላቂ ነው ማለት ምን ፍቺ አለው? መልሱ ከተራራው ሥር፣ ሙስሊሞቹ አርጎባዎች ከሚኖሩበት አካባቢና የአፋር ነጋዴ ቅፍለት ከባሕር ወጥቶ ከሚያርፍበት ከአልዩ አምባ ወዲያ ወዲህ ይገኛል። በአገራችን በቁርአን ቤት ልጅ የሚማርበት ገላ ሎህ ነው፤ የተላገ የእንጨት ሰሌዳ። ሎህ ላይ የሚጻፍበት ቀለምም ከከሰል ወይም ከጥላሸት ከሙጫ ጋር የሚበጠበጥ ነው፤ ብዕሩም መቃ ነው። በቅመም ረገድ የሎሁ ቀለምና የደብሩ ቀለም የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው። ይሁንና ልጁ ትምህርቱን በቃሉ ሲይዝ ሎሁ በውሃ ይታጠባል፤ ትናንት የተጻፈው ዛሬ የለም፣ ነገ ሌላ ምዕራፍ ይሰፍርበታል። በአንዱ ገላ ለብዙ መቶ ዓመት የሚቆየው ጥላሸት በሌላው ገላ ዕድሜው አንድ ሳምንት ነው፤ በሁለቱም ቦታ ደግሞ የሚፈለግበትን በትክክል ፈጽሟል። ሎህ እንዳይታጠብ ሆኖ ቢጻፍበት ኖሮ ልጁ በየሱራው አዲስ እንጨት ባስፈለገው ነበር። ዘላቂነትን እንደ ብዕሩ ጠባይ ቆጥሮ የሚፈልግ ሰው ይህን ማየት ይሳነዋል። ዘላቂነት በቀለሙ፣ በገላውና በታሰበው ዕድሜ መካከል የሚደረግ ውል ነው።

ውሉ የተናጋው ገላው ከሩቅ አገር ሲመጣ ነው። ሚስዮናውያኑ ኢዘንበርግና ክራፍ እ.ኤ.አ. በ1839 አንኮበር ገቡ፤ ክራፍ እስከ 1842 ሸዋ ቆየ። ሁለቱም ያገለግሉት የነበረው እንቅስቃሴ በአማርኛ የታተሙ ቅዱሳት መጻሕፍትን ያስፋፋ ነበር፤ አባ አብርሃም ወይም አቡ ሩሚ የተባሉት ኢትዮጵያዊ የተረጎሙት ሙሉ መጽሐፍ ቅዱስ በለንደን ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1840 ነው። በ1841 የእንግሊዙ መልእክተኛ ሻምበል ሃሪስ ከሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ተፈራረመ፤ ፈረንሳዊው ሮሼ ዴሪኩርም በበኩሉ ተመላለሰ። የፖለቲካውን ነገር ለሌላ ጊዜ ልተወው። እኔ የማየው ወረቀትን ነው። ወረቀት ሲመጣ የተሠራበትን እጅ ማንም በአካባቢው አያውቅም፤ ምን እንደተቀባ፣ ምን ያህል እንደሚጠጣ የሚነግር ጎረቤት የለም። ጥቂት ቆይቶ ቀለሙም እንዲሁ ሆነ። እንግሊዛዊው ዊልያም ፐርኪን ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን ሐምራዊ ቀለም ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1856፣ ንጉሥ ኃይለ መለኮት አርፈው ሸዋ ለአፄ ቴዎድሮስ በገባች በማግስቱ ነው። ከዚያ ዘር የተገኘው ሐምራዊ ፋብሪካ ቀለም ከጊዜ በኋላ ወደ አገራችን ገብቶ በየብራናው ባዶ ቅጠል ላይ ማስታወሻ ሆነ፣ የደብር ማኅተም ሆነ። ደማቅ ነው፣ ይፈሳል፣ ማማሰል አያሻውም። ግን ብርሃን ሲያገኘው ይገረጣል፤ ውሃ ሲነካው ይንሳፈፋል፣ ጉም በሚጎበኘው ዕቃ ቤት ደግሞ ወደ ጎረቤት ገጽ ይሸሻል። ዋናው ጽሑፍ ጠቁሮ እንደተቀመጠ የባለቤትነቱ ማስታወሻ ብቻ የደበዘዘበት ብራና የዚህ ውጤት ነው። ከጽሑፉ ቀድሞ የሚሞት ስም ማለት ይህ ነው።

ስም ከነገሩ ተለይቶ ሲሞት ምን እንደሚከተል የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ ከአንኮበር በቅርብ ርቀት ካለችው ከሌት ማረፊያ አለ። ማርኬዝ ኦራዚዮ አንቲኖሪ የሚመራው የጣሊያን የመልክዓ ምድር ማኅበር ጓድ እ.ኤ.አ. በ1876 ሸዋ ደርሶ፣ ምኒልክ በሰጡት በዚህ ቦታ ጣቢያ መሠረተ። አንቲኖሪ በ1882 እዚያው አርፎ እዚያው ተቀበረ። በነዚህ ዓመታት የሰበሰበው የወፍ ቆዳ ወደ ጄኖቫ ሄዶ፣ የአዕዋፍ ሊቁ ሳልቫዶሪ እ.ኤ.አ. በ1884 «የሸዋ ወፎች» ብሎ ካታሎግ አወጣለት። ካታሎጉ ሊኖር የቻለው በአንድ ቁራጭ ክርታስ ምክንያት ነው። በዚህ ሙያ ደንብ እያንዳንዱ ወፍ እግሩ ላይ ክርታስ ይታሰርለታል፤ ክርታሱ ላይ ቦታው፣ ቀኑ፣ ፆታው ይጻፋል። ክርታሱ ከወደቀ ወይም ጽሑፉ ከሟሸሸ ወፉ ወፍ መሆኑ አይቀርም፤ የሌት ማረፊያ ወፍ መሆኑ ግን ይቀራል፤ ላባ ብቻ ይሆናል። ለዚህ ነው የቤተ መዘክር ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ አልኮል የማይፈታው ካርቦናማ ጥቁር ቀለም ወይም እርሳስ የሚመርጡት። ከአንኮበር ደብር ዕቃ ቤት ተነስቶ ጄኖቫ ቤተ መዘክር ቢገባ፣ ጥላሸት የሚያማስለው ጸሐፊ በቀለም ምርጫ ረገድ የሚጣላው ሰው ባላገኘ ነበር።

ወደ ዲስኩ ያደረሰን መንገድ ግን ብራና አይደለም፤ እስክሪብቶና ካሴት ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1950 ቢክ ያወጣው ርካሽ እስክሪብቶ ዓለምን ሲያዳርስ የኢትዮጵያን ቢሮና ትምህርት ቤትም አዳረሰ፤ ስሙን እንኳ ከውጭ ቋንቋ ተውሰን የራሳችን አድርገነዋል። እስክሪብቶ ብረት ኳሱን ወረቀት ላይ በማንከባለል ይጽፋል፤ ለመጻፍ ደግሞ መጫን አለበት። ካሴት ሲመጣ ይህ ልማድ ጉዳት አላስከተለም። መዝሙሩ ወይም ዘፈኑ ያለበት ክር ፕላስቲክ ቤቱ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ስሙ የሚጻፈው በላዩ በተለጠፈው ወይም ማቀፊያው ውስጥ በገባው ወረቀት ላይ ነው። እንደፈለጉ ይጫኑት፣ ይሰርዙት፣ በላዩ ላይ ይድገሙት፤ ክሩ አይሰማም። ካሴት ከብራናው ጋር በዚህ ይመሳሰላል፦ ስሙና ይዘቱ ለየብቻቸው ማደሪያ አላቸው። ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1982 ሲዲን ለገበያ ሲያቀርቡ፣ በዚያው አሥር ዓመት ማብቂያ ላይም ጃፓኖች ቤት ውስጥ የሚቀረጽበትን ባዶ ሲዲ ሲያወጡ፣ ማደሪያዎቹ አንድ ሆኑ። ወረቀቱ ቀረ፤ ስሙ በገላው ላይ ይጻፍ ተባለ። የካሴት እጅ ግን አልተለወጠም። እዚህ ጋ ስህተቱን ከተጠቃሚው ይልቅ ከዕቃው አሠሪ ዘንድ የሚፈልግ ሰው ቢኖር አልቃወመውም፤ በጣም ተሰባሪ የሆነውን ፊት ባዶ ነጭ ሜዳ አድርጎ መስጠት «ጻፍብኝ» ብሎ መጋበዝ ነውና።

ታዲያ ምን ዓይነት ብዕር? በዚህ ጉዳይ በሰፊው የተጠቀሰው የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ባለሙያ ፍሬድ ባየርስ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው የሲዲና የዲቪዲ አያያዝ መመሪያ ነው። ፍሬ ነገሩ ይህ ነው፦ ጫፉ ለስላሳ፣ ቀለሙ በውሃ የተበጠበጠ ማርከር ይቀድማል፤ በአልኮል የተበጠበጠው ይከተላል፤ ዛይሊንና ቶሉዊንን የመሰሉ ኃይለኛ ማሟሚያዎች ያሉበት ግን ይወገድ፤ እስክሪብቶ፣ እርሳስና ማንኛውም ጫፈ ጠንካራ ነገር ዲስኩን አይንካ። የተለጣፊ ወረቀት ነገርም ከዚህ አይሻልም። ስቲከሩ ሲላጥ ብረቱን ይዞ ይነሳል፤ ባይላጥም ሚዛን ያዛባል፣ በፈጣን ማንበቢያ ውስጥ ዲስኩ በደቂቃ በሺዎች የሚቆጠር ዙር ይሽከረከራልና። ዲቪዲ ለብዕር የተሻለ ቻይ ነው፤ እያንዳንዳቸው 0.6 ሚሊሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ስለሆነ ይዘቱ ከላይ ሳይሆን ከመሐል ይተኛል። ሲዲና ዲቪዲ ለዓይን መንትያ ቢመስሉም ለብዕር አንድ አይደሉም። ሱቅ ውስጥ ያለ ሰው ግን ይህን ሁሉ በምን ይለያል? አንደኛው መንገድ አፍንጫ ነው፤ ክዳኑ ሲከፈት የቀለም ቀቢ ወይም የኮላ ጠረን የሚያመጣ ማርከር ለካርቶንና ለጆንያ ይሁን። በመመሪያው ላይ አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የተጻፈው ደረቅ አየር ላለው ክፍል ነው። በውሃ የተበጠበጠ ቀለም በሚያንሸራትት ቫርኒሽ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ እንደ አንኮበር ጉም በሚገባበት ቤት አውራ ጣት ሲነካው ስሙ ወደ ጭረት ይለወጣል። ቀለም እንዲጠጣ ተብሎ የተቀባ ነጭ ደብዛዛ ፊት ላለው ዲስክ የውሃው ይስማማል፤ ለሚያንሸራትተው ግን ደጋ ላይ የአልኮሉ መካከለኛ ምርጫ ነው እላለሁ። ይህም ከሎሁና ከብራናው የተማርነው ነው፤ ብዕሩ የሚመረጠው በገላው፣ ገላው በሚያድርበት አየርም ጭምር ነው።

ሁለት ተቃውሞዎች ክብደት አላቸው። የመጀመሪያው የማርከር ፍርሃት የተጋነነ ነው የሚል ነው፤ ከሃያ ዓመት በፊት በተራ ማርከር የተጻፈበት ሲዲ ዛሬም ያለችግር ሲዘፍን ይሰማል። እውነት ነው፤ ቀድሞ የሚገድለው ማርከር አይመስለኝም። ተቀራጭ ሲዲ ይዘቱን የሚይዘው ብርሃንና ሙቀት በሚጎዳው ማቅለሚያ ውስጥ ስለሆነ መስኮት ሥር የተቀመጠ ዲስክ ምንም ሳይጻፍበት ይበላሻል፤ የርካሽ ዲስክ ቫርኒሽም በዳሩ ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። ነገር ግን ከነዚህ አደጋዎች መካከል በጸሐፊው እጅ ሙሉ በሙሉ ያለው አንዱ ብዕሩ ነው፤ ማቅለሚያውን አልመረጠም፣ ፋብሪካውን አያዝም። ደግሞም ያልተጻፈበት ዲስክ ከተጻፈበት የበለጠ አደጋ ላይ ነው። ሰው የማያውቀውን ዲስክ ይጥለዋል፣ አለዚያም የጓሮ ወፍ ማባረሪያ አድርጎ ይሰቅለዋል። ስለዚህ ክርክሩ «አትጻፉ» ወደሚል ሊወስደን አይችልም፤ ውግዘት የጻፉት ጸሐፍትም ስሙ ሊፋቅ እንደሚችል እያወቁ ጽፈውታል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ዲስክ አብቅቶለታል የሚል ነው፤ አሁን ፍላሽና ስልክ እያለ፣ መዝሙሩም ሠርጉም በቴሌግራም እየተላከ፣ ስለ ማርከር መጨቃጨቅ ምን ይረባል? እኔ ግን የጉዳዩ ክብደት የጀመረው ዲስክ መሸጥ ሲቀንስ ነው ባይ ነኝ። ካሴት ከሄደ በኋላና ስማርት ስልክ ሳይስፋፋ በነበሩት ዓመታት የተቀረጸው ሠርግ፣ ተዝካር፣ የንግሥ በዓል፣ ስብከትና መዝሙር ያለው እዚያ ላይ ነው፤ ብዙውም አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ወደ ሌላ ዕቃ ለማሻገር የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ይዘቱን ሳይሆን ስሙን ነው፤ ማንበቢያ መሣሪያውም እየጠፋ ስለሆነ ሁሉንም እየከተቱ የማየት ዕድል እየጠበበ ነው። ለብራናው ተመሳሳይ ሥራ ሲሠራ ምን እንደተደረገ ማስታወስ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ድርጅት በሸዋና በሌሎች ክፍላተ ሀገር ካሉ ደብሮችና ገዳማት ከ9,000 በላይ መጻሕፍትን በፊልም አንስቷል፤ ቅጂውም በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት በኮሌጅቪል ይገኛል። ካታሎጉን ካዘጋጁት ዋነኛው የሸንኮራው ተወላጅ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ይህን ሁሉ መጽሐፍ ሊያስይዝ የቻለው መላ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ መጽሐፍ አንድ ቁጥር። የመጽሐፉ ታሪክ፣ ባለቤቱ፣ ይዘቱ፣ የተፋቀው ስምና በላዩ የገባው ስም ጭምር በካታሎጉ ውስጥ ይተረካል፤ ቁጥሩ ግን አጭር ስለሆነ የትም ይገባል።

ሲዲም ለእንዲህ ያለ ቁጥር የሚሆን ቦታ አለው። በመሐል ቀዳዳው ዙሪያ፣ ብረቱ የማይደርስበት፣ ዓይን አሻግሮ የሚያይበት ጠባብ የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ከሥሩ ምንም አልተቀረጸም፤ ማርከሩ እዚያ ላይ ቢያሟማም የሚያሟማው ይዘት የለም። «የ2000 ዓ.ም. ጥምቀት፣ አንኮበር፣ ሁለተኛ ክፍል» ለማለት ቀለበቱ አይበቃም። «47» ለማለት ግን ተርፎ ይበቃል። ቀሪው፣ ማን እንደቀረጸው፣ የትኛው ታቦት እንደወጣ፣ ማን እንደዘመረ፣ ከ47 ቁጥር አጠገብ በደብተር ላይ ይስፈር። ደብተሩ ወረቀት ነው፤ እሱ ላይ እስክሪብቶውን የቱንም ያህል ቢጫኑት ግድ የለም።